እግሯ የለመደው ፍሬን

አማቷ ካረፉ ወዲህ ያገኛት ሰው ሁሉ የሚላት አንድ ነገር ነበር። «እንግዲህ አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ።» ስፌት ቤት አብረዋት ይሠሩ የነበሩት ሴቶች አሏት፤ ጎረቤቶች አሏት፤ መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ እንኳ በመስኮቱ አሻግሮ ይህንኑ አላት። እሷም «አዎ፣ እንግዲህ» ብላ ታልፋለች። ዕረፍት ግን ሰው ስለመረቀላት ብቻ የሚመጣ ነገር አልሆነም። ወንበር ቢንቋቋ ብድግ ትላለች። ምግብ የምትበላው ቆማ ነው፤ ስትቀመጥ የረሳችው ነገር ያለ ይመስላታል። አንድ ቀን ጠዋት የባሏን ዳቦ ጥርስ ለሌለው ሰው እንደሚደረገው ቆራርሳ፣ ሻይ ውስጥ ነክራ፣ ከማንኪያ ጋር አቀረበችለት። ባሏ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ማንኪያውን አነሳና በላው።

ብዙ ዓመት እንዲህ ኖራለች። አማቷ መጀመሪያ ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ዳሌው ሲጠግን ልባቸው አስቸገረ፤ ልባቸው ረጋ ሲባል ማስታወሳቸው ሄደ። እሷ ስፌቱን በፊት ግማሽ ቀን አደረገችው፣ ኋላ ጭራሽ ተወችው። ታነሳቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፤ ቀጠሮ ሲሆን ደግሞ መኪናው ውስጥ አስገብታ ሐኪም ቤት ትወስዳቸዋለች። ሹፌሯም እሷው ነበረች።

ባሏ በከተማው አውቶቡሶች ጋራዥ ዕድሜውን ሙሉ ፍሬን ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን ከአውቶቡስ ጎማ የወጣ ከባድ የፍሬን ታምቡር ትከሻው ላይ ወደቀበትና ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ አልነሳ አለ። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ መጋዘን አስቀምጠውት በመስኮት ዕቃ ሲያቀብል ይውላል። «ከፍሬን ወደ መስኮት ተሾምኩ» ይላል ሰው ሲጠይቀው። ቀልዱን ከመልመዱ የተነሳ ራሱ አይስቅበትም።

አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከሥራ ሲመለስ ቤት ውስጥ አጣት። ወጥ ቤት የለችም፣ መኝታ ቤት የለችም። ኋላ ግቢው ውስጥ የቆመችው ግራጫ መኪና ውስጥ፣ መሪው ኋላ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ አገኛት።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«የትም።»

«ቁልፉ እኮ እኔ ኪስ ነው ያለው።»

«አውቃለሁ።»

ዞሮ መጣና በሌላው በር ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። የፊት መስታወቱ ላይ የተጋገረውን አቧራ እያየች፣ «ይቺ መኪና ከሐኪም ቤት በቀር መንገድ አታውቅም» አለች። «መሪዋን ብለቀው ራሷ ዞራ እዚያ በር ላይ የምትቆም ይመስለኛል።»

ባሏ ሰው ሲከፋው ወሬ መቀየር እንጂ ማጽናናት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የጋራዡን ወሬ ጀመረላት። ጋራዥ ውስጥ ብረት የሚበይደው ባልደረባው፣ ያ ጢማሙ፣ አንዳንድ ቅዳሜ መኪናውን ይዞ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ ድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል። አውሮፕላን የለም፤ አስፋልቱ ግን ደህና ነው። ሰው የራሱን የቤት መኪና ያመጣና የፈለገውን ያህል ፈጥኖ ይዞራል። ሽልማት የለ፣ ውድድር የለ።

«ዞረው ዞረው የት ነው የሚደርሱት?» አለችው።

«የትም። የተነሱበት ይመለሳሉ።»

«የሚጠብቃቸው ሰው የለም?»

«ማን ይጠብቃቸዋል?»

ባሏ ወሬው ያለቀ መስሎት በሩን ሊከፍት ሲል፣ «እኔም መሄድ እፈልጋለሁ» አለችው።

ሊስቅ አፉን ከፈተ። ፊቷን ሲያይ ከደነው። ኋላ ላይ ደጋግማ የምታስታውሰው ከዚያ ቀጥሎ ያላትን ነው። በዚህ ዕድሜሽ አላላትም። ሰው ምን ይላል አላላትም። ወደ መኪናው ወለል ጎንበስ ብሎ ፔዳሉን አየና፣ «በዚህ ፍሬን?» አለ።

በሚቀጥለው እሑድ ጀመሩ። እሱ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ሥራው የእሷ ነው። መኪናዋን በክሪክ አንስታ ገና ጎንበስ ከማለቷ፣ «ቆይ፣ ቆይ። ክሪክ አምኖ መኪና ሥር የሚገባ ሰው የለም» ብሎ ከጋራዥ የተዋሰውን የብረት ድጋፍ አስደገፋት። ጎማዎቹን በየተራ ፈታች። አንዱ ብሎን ዝጎ አልንቀሳቀስ አለ፤ ቁልፉ ላይ በእግሯ ቆማበት ነው የተፈታው። ጎማውን ልታወጣ ስትል ባሏ «ከባድ ነው፣ ጎረቤት እንጥራ» አላት። እሷ ግን ጉልበቷን አጠፈች፣ ደረቷን አስጠጋች፣ ክንዷን ከሥር አሾለከችና እቅፍ አድርጋ ብድግ አደረገችው። ወገቧን ሳትጎዳ ክብደት ማንሳት ከለመደች ቆይታለች። ቀስ አድርጋ ግድግዳው ሥር አስቀምጣው ዞር ስትል ባሏ ፊቱን ወደ አጥሩ መልሶ ነበር። እናቱን እንዴት ታነሳቸው እንደነበር ማየቱ እንደሆነ ገባት።

«እሺ፣ አሁን ምንድነው?» አለችው ቆይታ።

ጉሮሮውን ጠረገ። «ፍሬን ማለት ሙቀት ነው። የመኪናውን ፍጥነት ይወስድና ሙቀት ያደርገዋል። ከተማ ውስጥ አንዴ ትረግጪያለሽ፣ እስከሚቀጥለው መብራት ድረስ ይበርዳል። እዚያ ግን በላይ በላዩ ነው። ሙቀቱን የሚጥልበት ፋታ ካጣ ይደክማል።»

«ሲደክም ምን ይሆናል?»

«ሁለት ዓይነት ነው። ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ብረት፣ ዲስኩን፣ ቆንጥጦ የሚይዘው ሸራ ከተቃጠለ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ ትረግጪዋለሽ፣ መኪናው ግን አይሰማሽም። ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እርጎ ይሆናል። ዝም ብሎ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። ለዚህ ነው ሁለቱንም የምንቀይረው።»

የፊት ሸራዎቹን አወጣች፤ ከውፍረታቸው የጥፍር ያህል ነው የቀረው። ዲስኮቹን በጣቷ ዳሰሰች፤ ጠርዛቸው እንደ ሳህን ከንፈር ወጣ ብሏል። ባሏ በመለኪያ ካስለካት በኋላ «እነዚህም ይሂዱ» አለ። ዘይት የሚያደርሱትን የጎማ ቱቦዎች ጠምዘዝ አድርጋ እንድታይ ነገራት፤ አንዱ ቆዳው ተሰነጣጥቋል። በየቀጠሮው ሰው ጭና በዚህ ስትሄድ መኖሯን አሰበች። አሮጌው የፍሬን ዘይት ሲወጣ ደግሞ ከርሞ የቆየ ሻይ መሰለ።

«ይሄ መቼ ነው የተቀየረው?» አለች ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ።

ባሏ ራሱን አከከ። «የከተማው አውቶቡስ ሁሉ ዘይቱ ንጹሕ ነው።»

«የፍሬን ሠሪው ሚስት ግን በሻይ ነው የምትቆመው።»

አፍሮ ሳቀ። እሷም ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር፤ ፊቷ ግን እስከ መጨረሻው አልሄደላትም።

አዲሱን ሸራ፣ ዲስክና ቱቦ ገጥመው አዲሱን ዘይት ከሞሉ በኋላ ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር ማስወጣት ነበረባቸው። ይሄ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ባሏ እግሩ ደህና ስለሆነ ገብቶ ፔዳሉን ይረግጣል፤ እሷ ከሩቁ ጎማ ጀምራ መሬት ላይ በጀርባዋ ተኝታ ትንሿን የአየር ማውጫ ብሎን ትፈታለች፣ ትዘጋለች።

«ርገጥ።»

«ረገጥኩ።»

«ያዝ።»

«ይዣለሁ።»

«ልቀቅ።»

በቀጭኗ ቱቦ ውስጥ አረፋ እየተንከባለለ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል። አረፋው እስኪጠፋ ይደግሙታል። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ይህን ያህል ሳይጨቃጨቁ አንድ ነገር የሠሩበት ጊዜ ትዝ አላላትም።

ሦስተኛው ጎማ ላይ ሲደርሱ የግቢው በር ተንኳኳና የባሏ እህት ገባች። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው የምትኖረው። እናቷ በሕይወት ሳሉ አልፎ አልፎ ፍራፍሬ ይዛ ትመጣና ጉንጫቸውን ስማ፣ አልቅሳ፣ ሳይመሽባት ትመለስ ነበር። ወንድሟ መኪና ውስጥ፣ የወንድሟ ሚስት መኪና ሥር። ቆማ አየቻቸው።

«ደህና ናችሁ? ምን ሆናችሁ ነው?»

ወንድሟ ነገሩን አስረዳ። ሲያስረዳው ለራሱም የእብድ ሥራ ሳይመስለው አልቀረም፤ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ።

«ሩጫ?» አለች እህትየው። «የእናታችን አፈር ሳይደርቅ?»

መኪናው ሥር ያለችው ሴት የምታየው የእህትየውን ጫማ ብቻ ነበር። ጠራርጋ ያደረገችው፣ ተረከዙ ያልተበላ ጫማ። የምትመልሰው ነገር በምላሷ ጫፍ ተደረደረ። ብዙ ነበር፤ ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረ። አንዱን እንኳ ጎትቶ ለማውጣት ግን አቅም አነሳት። እንደ እርጥብ ጨርቅ ከበዳት።

«ርገጥ» አለች።

ባሏ አንዴ እህቱን፣ አንዴ ወለሉን አየና ረገጠ።

እህትየው ልትወጣ ስትል በር ላይ ቆም ብላ፣ «እማዬ ብታይሽ ምን ትልሽ ይሆን» አለች። በክፋት አልነበረም፤ እንባ ያነቀው ድምፅ ነበር።

«ቀስ በይ ልጄ ይሉኛል» አለች ሴትዮዋ ከሥር። «ሌላ ምን ይሉኛል።»

እውነቷን ነው። አማቷ ስሟን ከረሱ በኋላም ያልረሱት ቃል ያ ነበር። መኪና ውስጥ በገቡ ቁጥር፣ ገና ከግቢው ሳይወጡ፣ «ቀስ በይ ልጄ፣ ቀስ» ይላሉ።

አዲስ ሸራ እንደተገጠመ ለሩጫ አይሆንም፤ መጀመሪያ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ፈጠን ብሎ ሄዶ ጠበቅ አድርጎ መርገጥ፣ ሊቆም ሲል መልቀቅ፣ እንደገና መፍጠን፤ ሸራው እስኪበስል ይህንኑ መደጋገም ነው። አንድ ጠዋት ከመጋዘኖቹ ጀርባ ያለው ሰፊ መንገድ ባዶ መሆኑን አይተው ወጡ። ባሏ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አሁን ርገጪ።»

ረገጠች። መኪናዋ ታንኳ ዳር እንደሚደርሰው ልስልስ ብላ ፍጥነቷን ቀነሰች።

«ይሄማ ማባበል ነው። እንደ ሰው ርገጪው።»

እንደገና ፈጠነች፣ እንደገና ረገጠች። ያው ነው። እግሯ ፔዳሉ ላይ ሲያርፍ እንደ ሌባ ነው የሚያርፈው።

«ምን ሆነሽ ነው? እግርሽ አልታዘዝ አለሽ?»

«እየረገጥኩ ነው እኮ።»

እየረገጠች አልነበረም። የተሰበረ ዳሌ ኋላ ወንበር ላይ ጭኖ ለዓመታት የነዳ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። ትንሽ ነቅነቅ ባለ ቁጥር ከኋላዋ «እህ» የምትል አጭር ትንፋሽ ትሰማ ነበር። አማቷ አይጮኹም፤ ያቺን ትንፋሽ ብቻ ነው። እሷም ያችን ትንፋሽ ላለመስማት ስትል መብራቱን ከሩቅ ማንበብ፣ ጉድጓዱን ማስታወስ፣ መኪናዋ መቆሟ እስከማይታወቅ ድረስ ማቆም ተማረች። ማንም አላስተማራትም፣ ማንምም አላመሰገናትም።

ለሦስተኛ ጊዜ ፈጠነች። ባሏ «አሁን» ሲል ጥርሷን ነክሳ ባለ በሌለ ኃይሏ ወረደችበት። የመኪናዋ አፍንጫ መሬት ሊነካ ተደፋ። ቀበቶው ደረታቸውን ቆለፈው። በዚያችው ቅጽበት ቀኝ እጇ ከመሪው ተነሥቶ፣ ሳታዝዘው፣ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ወደ ኋላ ተወረወረ። ሊወድቅ ያለ ሰው ሊይዝ። መዳፏ ባዶውን ወንበር ጨበጠ።

መኪናዋ እየተንፏቀቀች ሄደች። የትኩስ ብረት ሽታ ገባ። ባሏ ኋላ ወንበር ላይ የቀረውን እጇን አየ።

«አላወቅሁትም» አለች እጇን ስትመልስ።

«አውቃለሁ።»

ከዚያ ቀበቶውን ላላ አድርጎ፣ «ይብቃን ዛሬ። ሌላ ቀን እንመጣለን» አላት።

«ሸራው ሳይበስል?»

መኪናዋን አዙራ ፈጠነች። ደጋግማ ረገጠች። እጇ በየጊዜው ይነሣል፤ አንዳንዴ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ወንበሩ ድረስ ይደርሳል። ሲጨርሱ ፍሬኑ እንዲበርድ ሳይቆሙ በዝግታ ብዙ መንገድ ዞሩ። የተነጋገሩት ስለ ጎማ ንፋስ ብቻ ነው።

ሊሄዱ በቀጠሩበት ቅዳሜ ዋዜማ መኪናው ውስጥ ተንጠልጥሎና ተወትፎ የነበረውን ሁሉ ማውጣት ነበረባት፤ እዚያ ያልታሰረ ዕቃ አይገባም ተብለዋል። ፌስታሎች አወጣች፣ ባዶ የክኒን ቅጠል አወጣች፣ የአንድ እግር ካልሲ አወጣች። ኋላ ወንበር ላይ አማቷ ይቀመጡባት የነበረችውን ትራስ ይዛ ግቢው መሃል ቆመች። መሃሏ ጎድጉዷል። ልታጥባት አሰበች፣ ደግሞ ተወችው። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር የዋጠው ሰፊ ሜዳ ነው። አስፋልቱ ላይ ቀያይ የፕላስቲክ ምልክቶች ደርድረው መታጠፊያ ሠርተውበታል። ጢማሙ በያጅ ከሩቅ እጁን አውለበለበላቸው። አንድ ሰው መጥቶ መኪናዋን ፈተሸ፦ ቀበቶውን ጎተተ፣ ባትሪው መታሰሩን አየ፣ የጎማውን ብሎኖች በቁልፍ ሞከረ፣ ፔዳሉን ረግጦ ቆየበት። «ደህና ነው» አለ። ባሏ ይህችን ቃል ሲሰማ ቀና ማለቱን አየች።

ጀማሪዎችን የሚያስተምረው ሰውዬ አንገቱ ላይ ፊሽካ ስለሚያንጠለጥል ሁሉም ፊሽካ ነው የሚለው። ፀሐይ ያከሰለው፣ ድምፁ የሻከረ ሰው ነው። «እናቴ፣ ልጅዎን ይዘው ነው የመጡት?» አላት።

«እኔ ነኝ የምነዳው።»

«እንግዲያው ከእኔ ጋር ነዎት» አለና የራሱን ሄልሜት አጠለቀ። ለእሷም ልኳን ፈልጎ ሰጥቷት አጠገቧ ተቀመጠ።

የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ሁሉም አለፋት። ሲያልፏት ደስ አላት፤ ማንም ጥሩምባ አይነፋም፣ ማንም አይሳደብም። መስመሩን ይዛ ሄደች፣ መታጠፊያውን ቶሎ ለመደችው። ፍሬኑ ጋ ሲደርሱ ግን ያው ነው። ምልክቱ ሳይደርስ ገና ከሩቁ እግሯን ታሳርፋለች፣ ታባብላለች።

«ቆይተው ይርገጡ፤ ሲረግጡ ደግሞ አይዘኑለት» አላት ፊሽካ።

«እሺ።»

በሚቀጥለው ዙርም ያው ሆነ። ፊሽካ በጥሞና እግሯን ሲያያት ቆየ። የሚቀልድ ሰው ስለሆነ ቀልዶ፣ «እትዬ፣ ማን እንዳይቀሰቀስ ብለው ነው?» አላት።

ቀጥታው መንገድ ተዘረጋ። ነዳጁን ሰጠቻት፤ ግራጫዋ መኪና ከተገዛች ጀምሮ ተጠይቃ የማታውቀውን ተጠየቀችና ሰጠች። ቀዩ ምልክት መጣ። አልረገጠችም። አጠገቡ ደረሰች። ያን ጊዜ ረገጠችው፤ በእግሯ ብቻ ሳይሆን በወገቧ፣ በትከሻዋ፣ ስትሸከም በኖረችው ሁሉ ረገጠችው። ጎማው አለቀሰ። መኪናዋ ተደፍታ፣ ታዝዛ፣ መስመሯን ሳትለቅ ወደ መታጠፊያው ገባች።

ታጥፋ ስትወጣ ነው ልብ ያለችው። ሁለቱም እጆቿ መሪው ላይ ናቸው።

የተሰማት ደስታ ነው ለማለት ያስቸግራል። አንድ ነገር ከላይዋ ወረደ፤ አብሮም እፍረት የመሰለ ነገር መጣ፤ ሰው ጥላ የሄደች ያህል። በልቧ «ይቅርታ እማማ» አለች። ሄልሜቱ ውስጥ ጉንጯ ረጠበ። ፊሽካ ወደ ፊት ወደ አስፋልቱ እያየ፣ «እንዲህ ነው» አለ በዝግታ።

ከዕረፍት በኋላ ብቻዋን ገባች። ስልኳ ባሏ ጋ ነው። የሚጠራት የለም፣ መድኃኒት የሚወስድ የለም፣ የሚረፍድባት ቀጠሮ የለም። ዞረች። ቀጥታው ላይ ትፈጥናለች፣ ምልክቱ ጋ ትረግጣለች፣ ትታጠፋለች፣ እንደገና። እግሯ አንዴ ከተፈታ መመለሻ አላገኘችለትም። ስንት እንደዞረች መቁጠሩን ተወችው።

ኋላ አንዱ መታጠፊያ ላይ ስትረግጥ ፔዳሉ ከወትሮው ትንሽ ዝቅ ብሎ ጠበቃት። በሚቀጥለው ደግሞ ይበልጥ ሰመጠ፤ እርጎ ሆነ። አልደነገጠችም። ቶሎ ቶሎ ደጋግማ ስትረግጠው ተመልሶ ያዘ፤ መኪናዋም ታጠፈች። ገና ጊዜ ነበራት፤ ሌሎቹ እየዞሩ ነው፣ ጢማሙም ከፊቷ ይከንፋል። ቀስ ብላ ብትይዘው ጥቂት ዙር ይሄድላት ነበር። እሷ ግን ወደ ዳር ወጣች፣ ከኋላዋ ያሉትን በእጇ አሳለፈች፣ ፍሬኑን ሳትነካ በማርሽ ብቻ ፍጥነቷን እየቀነሰች አንድ ዙር በርጋታ ዞራ ወጣች። የእጅ ፍሬኑን አልሳበችም፤ ትኩስ ዲስክ ላይ እንደማይሳብ ባሏ ነግሯታል። እሱ በግራ እጁ የእንጨት ጉማጅ ይዞ እየሮጠ መጥቶ ጎማው ሥር ወሸቀላት። ከፊት ጎማዎቹ ቀጭን ጭስ ይወጣል።

«ጊዜ ነበረሽ እኮ። ለምን ወጣሽ?»

«ፍሬኑ ደከመ።»

ጎንበስ ብሎ አሸተተና፣ ፔዳሉን በእጁ ተጫነው። «ዘይቱ ነው። ዘይቱ ጥሩ ነበር፤ አንቺ ነሽ አብዝተሽ የረገጥሽው።»

ያኔ ሳቀች። ማባበል ነው ሲላት የነበረ ሰው አበዛሽው ሲላት ሳቋ አመለጣት። ሄልሜቷን ስታወልቅ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ ነበር። ባሏም አብሯት ሊስቅ ሲል ፊቷን አየና ተወው።

«አንቺስ?» አላት።

ልማዷ «ደህና ነኝ» ማለት ነበር። ለሐኪሙም፣ ለጎረቤቱም፣ ለእሱም ስትል የኖረችው ይህንኑ ነው።

«እኔም ደክሞኛል» አለች። «በጣም ደክሞኛል።»

ባሏ በተሳፋሪው በኩል ያለውን በር ከፍቶ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አስተኛላት። «እንግዲያው ግቢ» አላት። «ሌላውን እኔ አየዋለሁ።» ጃኬቱን አወለቀና ፀሐይ በሚመጣበት መስኮት ላይ ጋረደላት፤ ቀኝ እጁ ስለማይነሳ በግራው ብዙ ታግሎ ነው የሰቀለው። ጋደም ብላ ሲታገል አየችው። ልታግዘው መነሳት ነበረባት። አልተነሳችም።

መኪናዎቹ እያገሱ በአጠገቧ ያልፋሉ፣ ፊሽካ ፊሽካውን ይነፋል፣ ሰው ይጯጯሃል። እሷ እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ ፀሐይዋ ዞራለች፤ ሰው ዕቃውን እየሰበሰበ ነው። ባሏ መሬት ላይ ከተከፈተው በር ሥር ተቀምጧል፤ ግማሽ ፊቱን ፀሐይ ጠብሶታል።

«እህቴ ደውላልሽ ነበር» አላት ስልኳን ሲመልስላት።

«ምን አለች?»

«መጀመሪያ ተቆጣች። ሮጠች ወይ አለች። ሮጣ ተኝታለች አልኳት። ዝም አለች።» ስልኩን የሰጠበትን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ኋላ፣ እሷም እናታችን ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ እንደሌላት ነገረችኝ። ነገ ልምጣ ወይ አለች። እሷ ስትነቃ እጠይቃታለሁ አልኩ።»

ሴትዮዋ አሰበችበት። ድሮ ቢሆን ትምጣ፣ ምን ቸገረኝ ትል ነበር፣ ተነሥታም ቤት ታሰናዳ ነበር።

«ነገ አይሆንም» አለች። «በሚመጣው ሳምንት ትምጣ። የእማማን ልብስ አብረን እናያለን።»

«እሺ።»

ፍሬኑ ከበረደ በኋላ አየሩን እንደገና አስወጡ፤ ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ። የቀረውን ዘይት ሞሉና እሷ እየነዳች በዝግታ ወደ ከተማ ተመለሱ። መግቢያው ላይ መንገዱ ተዘግቶ መኪና በመኪና ላይ ቆሟል። ከፊታቸው ያለው አውቶቡስ ትንሽ ተንቀሳቅሶ በቆመ ቁጥር ይጮኻል፤ ጥርስ የሚያሳክክ፣ ብረት ብረትን የሚፍቅ ጩኸት። ባሏ ጆሮውን አቀና።

«የኋላ ግራው ነው» አለ። «ሸራው አልቋል።»

«ዛሬ ተወው።»

«ተውኩት።»

አውቶቡሱ ትንሽ ሄዶ ቆመና ጮኸ። ባሏ ወደ ጎን ወደ ሱቆቹ ተመለከተ፤ ከንፈሩ ግን የሰሌዳውን ቁጥር እያጠና ነበር። አየችው። ጩኸቱ እንዳይደርሰው መስኮቱን ዘጋችለት።